የምላስ ሥርና የራጅ ታሪክ

ራጅ ከአጥንትና ከሳንባ ሌላም ታሪክ አለው።

በብዙ የአፍሪካ ቋንቋዎች አናባቢዎች በሁለት ጎራ ይከፈላሉ፤ በአንድ ቃል ውስጥ በአብዛኛው የአንዱ ጎራ ብቻ ይሰማል። የአናባቢ ስምምነት ይሉታል። ፒተር ላዴፎጌድ እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው ጥናት የናይጄሪያውን የኢግቦ ቋንቋ አናባቢዎች በራጅ አሳየ። በ1967 ጆን ስቱዋርት የጋናውን አካን ይዞ ምስጢሩን ገለጠው፦ የምላስ ሥር ወደፊት ሲሳብ ጉሮሮ ይሰፋል፣ ድምፁም ይለወጣል። ላሪንጎስኮፕ ስናስገባ ጫፉ የሚያርፍበት አካባቢ ማለት ነው!

ነገሩ ሩቅ አገር አይደለም። የጋምቤላው አኙዋም ይህ ስምምነት አለው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር አኙዋ አልተካተተም።

ፊደላችን ደግሞ ሁሉንም አይዝም። እዚሁ ሰፈራችን «ካራ»ን እዩ፤ «ራ» ሲጠብቅ በኦሮምኛ በር፣ ሲላላ በአማርኛ ቢላዋ ነው፤ ጽሕፈቱ ግን ያው። የአኙዋ ታካሚ ስም ካርድ ላይ ሲጻፍም ሁለት የተለያዩ ስሞች አንድ ሊመስሉ ይችላሉ። በአንድ ዋርድ ከተኙ መድኃኒት ይምታታል።

እዚያ የምትሠሩ፣ ስሙን ራሱ ታካሚው ደግሞ ይጥራላችሁ። የልብ ድምፅ የለመደ ጆሮ ይህንንም ይለምዳል።