የመቅደላው እስረኛ በአርሲ ምድር

አባቴ ስለ ልጅነቱ አሰላ ሲያወጋኝ «ራስ ዳርጌ» የሚለው ስም ከአፉ አይጠፋም ነበር። በንጉሡ ዘመን የተማረበት ትምህርት ቤት መጠሪያ ነው። ለእኔም ስሙ የደወልና የኳስ ሜዳ ስም መስሎኝ አደግሁ። ከስሙ ጀርባ ሰው መኖሩን፣ ሰውየውም ለአርሲ ማን እንደነበሩ የተረዳሁት ቆይቼ ነው።

ዳርጌ የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ ልጅ፣ የዳግማዊ ምኒልክም አጎት ናቸው። የወጣትነት ዘመናቸው ያለፈው ወገን ከወገኑ በሚዋጋበት ጊዜ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1848 ዓ.ም. ሸዋን ሲያስገብሩ ወንድማቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በሕመም ሞቱ፤ እሳቸውም እንደ ሕፃኑ ምኒልክ የቴዎድሮስ ምርኮኛ ሆኑ። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ ሲያመልጡ አጎትየው እዚያው ቀሩ። ነጻ የወጡት በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች አምባውን ሲይዙና ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሲሰዉ ነው። እነሆ፣ ወደ 12 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ በሰው እጅ አለፈ።

ሸዋ ሲመለሱ የንጉሥ ልጅ ነኝና ዙፋኑ ይገባኛል ብለው አልተነሡም። ለወንድማቸው ልጅ አደሩ፤ አማካሪ ሆኑ፤ በራስነት ማዕረግ ሰላሌን ገዙ። በ1888 ዓ.ም. ምኒልክ ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ አገር እንዲጠብቁ የተተዉት እሳቸው ነበሩ። የሸዋ ታሪክ ጸሐፊዎች «ታማኙ ራስ» ቢሏቸው አያስገርምም።

ይህ የታሪካቸው አንድ ገጽ ነው። ሌላው ገጽ የሚነበበው አርሲ ላይ ነው። በ1870ዎቹ የሸዋ ጦር አገሩን ለመያዝ ደጋግሞ ዘመተ። እነ ሮባ ቡታና ሌንጂሶ ዲጋ ሕዝቡን አስተባብረው በፈረስና በጦር ዓመታት ተከላከሉ። ጠመንጃ ግን በለጠ፤ በ1878 ዓ.ም. አዙሌ ላይ ብዙ ሰው አለቀ። ድል አድራጊው የጦር አዛዥ ራስ ዳርጌ ነበሩ። ከዚያ ወዲያ መሬቱ ለነፍጠኛ ተደለደለ፣ ባለመሬቱ ገባር ሆነ።

ከዚህ የከፋም ይነገራል። በአርሲ ሽማግሌዎች ዘንድ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ታሪክ፣ በአኖሌ የወንዶች ቀኝ እጅና የሴቶች ጡት ተቆረጠ ይላል። የጽሑፍ ማስረጃው ጉዳይ የታሪክ ሰዎችን እስከ ዛሬ ያከራክራል። በ2006 ዓ.ም. እዚያው ሄጦሳ ወረዳ ውስጥ ሐውልት ሲቆም ክርክሩ ይበልጥ ጋለ።

ሐውልቱን ሄጄ አየሁት፤ የተቆረጠ እጅ ጡት ይዞ ይታያል። ከፊቱ ቆሜ ያሰብኩት የመቅደላውን እስረኛ ነው። ተማርኮ መኖርን ያን ያህል የሚያውቅ ሰው፣ እንዴት የሌላውን አገር አስገባሪ ይሆናል? መልሱ የሚመረን ይመስለኛል። መከራ ሰውን ሁልጊዜ አያራራውም፤ በዚያ ዘመን ከመገበር ማምለጫው ማስገበር ነበር።

ራስ ዳርጌ በ1892 ዓ.ም. አረፉ። የአባቴ ናፍቆት እውነት ነው፤ ያ ትምህርት ቤት ፊደል አስቆጥሮታል። የአኖሌም ሐዘን እውነት ነው። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላል ያገራችን ሰው። እኔ የዚህ ስም ባለዕዳ ነኝና፣ ከእንግዲህ ለልጆቼ ስለ ትምህርት ቤቱ ሳወራ ስለ አዙሌም አወራለሁ።