አዲስ አበባ የገባ ሰው የት ያድራል?

«ቤት ለእንግዳ!» ብሎ ከደጅ የሚጣራን መንገደኛ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግባ!» ብሎ ማስገባት በአገራችን ገጠር ለዘመናት ግዴታ ነበር። የመሸበት ሰው እግሩን ይታጠባል፣ ከቤቱ ሰው ጋር እራት ይቀርባል፣ መደብ ላይ አጎዛ ይነጠፍለታል፣ ጠዋት መርቆ ይሄዳል። ሒሳብ የሚባል ነገር የለም። ማደሪያ መሸጥና መግዛት የተለመደው ከመቶ ዓመት ብዙ በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ነው፤ በሰፊው የተለመደውም በአዲስ አበባ ነው።

የመጀመሪያው ሆቴል ታሪክ ተደጋግሞ ተነግሯል። እቴጌ ጣይቱ በ1890ዎቹ መጨረሻ አራዳ ላይ ያስከፈቱት ሆቴል ሥራ ሲጀምር መኳንንቱ ከፍሎ መብላትን እንደ ነውር ቆጥረውት ነበር፣ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው እየሄዱ አስለመዷቸው እየተባለ ይተረካል። ጨዋታው ደስ ይላል፤ የሚያወራው ግን ስለ መኳንንትና ስለ ውጭ አገር እንግዶች ነው። በዚያው ሰሞን ከጉራጌ አገር በእግሩ መጥቶ እዚያው አራዳ ገበያ ሸክም ሲሸከም የዋለው ሰው የት እንዳደረ ማንም አይተርክም። ከተማዋ እንዴት ከተማ እንደሆነች ለማወቅ ግን የዚህ ሰው አዳር ከሆቴሉ ወግ በላይ ይነግረናል።

አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ነው። ጉራጌ ወደ ምኒልክ ግዛት የተጠቃለለውም በዚያው አካባቢ ነው፤ ከፊሉ በስምምነት፣ ከፊሉ ደግሞ የቀቤናው ሐሰን እንጃሞ በራስ ጎበና ጦር ከተሸነፈ በኋላ በኃይል። ከዚያ በኋላ ግብር መክፈያ ጥሬ ገንዘብ አስፈለገ፤ ገንዘብ ያለው ደግሞ አዲሲቱ ከተማ ውስጥ ነው። መሬቱ ጠባብ፣ ሕዝቡ ብዙ ነው። እንሰት ደግሞ እንደ ጤፍ በአንድ ወቅት ካልታጨደ የሚበላሽ ሰብል አይደለም፤ ቤት የቀሩት ሴቶችና ሽማግሌዎች ሊጠብቁት ይችላሉ። ስለዚህ ወጣቱ ለወራት አገሩን ለቆ መሄድ ቻለ። ዊሊያም ሻክ የተባለው አሜሪካዊ የሰው ልጅ ባህል አጥኚ በ1966 እ.ኤ.አ. ስለ ጉራጌ ያሳተመው መጽሐፍ ርእሱ ላይ ሕዝቡን በእንሰት ማስተዋወቁ ያለምክንያት አልነበረም።

ይህ ወጣት በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት የሚያድረው በሚሠራለት ሰው ግቢ ነበር፤ አጥር ጥግ፣ ማድ ቤት፣ በግ በረት አጠገብ። ለውጡ የመጣው ከመካከላቸው አንዱ ሱቅ ሲከፍት ነው። አንድ ዘመድ ሱቅ ካለው ሌሎች አምስት ዘመዶች ማደሪያ አገኙ ማለት ነው። ልጁ ቀን ይላላካል፣ ማታ በሩ ሲዘጋ ባንኮኒው ሥር ወይም ቆጡ ላይ ጆንያ አንጥፎ ይተኛል። ባለሱቁ የዘበኛ ደመወዝ አይከፍልም፣ ልጁ የቤት ኪራይ አይከፍልም። ወረቀት የለም፣ ተያዥ የለም፤ ተያዡ አገር ቤት ያለው አባት ነው። ልጁ ሰርቆ ቢጠፋ ወሬው ለመስቀል ወይም ለአረፋ ከመንደሩ ይደርሳል።

ስለ ጉራጌ ነጋዴነት ሲወራ ቁጠባው፣ ዕቁቡና ታታሪነቱ ይወደሳል። ልክ ነው፤ ግን ከዕቁብ በፊት አዳር አለ። ዕቁብ የሚጥለው የመጀመሪያዎቹን ወራት ያለ ኪራይ ያደረ ሰው ነው። ሊስትሮውም፣ ሱቅ በደረቴውም ከዕለት ገቢው ሳንቲም የሚተርፈው ለአልጋ ስላልከፈለ ነው። ይህን ትንሽ ሒሳብ የዘነጋ የ«ከሊስትሮ ተነስቶ ሚሊየነር» ወግ ግማሹን ይደብቃል።

ጣሊያን በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ከተማዋን በዘር ለመከፋፈል ሲያቅድ የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ አንስቶ ወደ ምዕራብ ወሰደው። መርካቶ የሚለው ስም ከዚያ ነው። ወራሪው ከአምስት ዓመት በኋላ ቢባረርም ገበያው አልተመለሰም፤ ጥሎት የሄደው ሌላ ቃልም አብሮ ቀረ፦ አልቤርጎ። በጣሊያንኛ ሆቴል ማለት ነው፤ ትልቁም ትንሹም። አማርኛ ግን ቃሉን ወስዶ አጠበበው። የእኛ አልቤርጎ አንድ አልጋ የሚይዝ፣ በተርታ የተሠራ የጭቃ ክፍል ነው፤ ፊት ለፊቱ መጠጥ ቤት፣ ጓሮው የጋራ ሽንት ቤት። «ሆቴል» የሚለውን ደግሞ ለምግብ ቤት ሰጠነው። «አልጋ ያዝኩ» የሚለው አነጋገር ራሱ ይህንኑ ይናገራል፤ ተከራዩ የያዘው ክፍልም ቤትም አይደለም፣ አልጋ ነው።

ከቡታጅራ አለፍ ብላ የምትገኘው እንሴኖ ወደዚህ ታሪክ የምትገባው በመንገድና በበርበሬ ነው። አካባቢው ከጉራጌ ተራሮች ወደ ስምጥ ሸለቆው ዝቅ ያለ፣ በቆሎና በርበሬ የሚበቅልበት ነው፤ «የማረቆ በርበሬ» የሚለውን ስም የማያውቅ የአዲስ አበባ ባልትና የለም። በ1950ዎቹ ከተማ የገባው ተወላጅ ገንዘብ አዋጥቶ፣ ከመንግሥት ጋር ተጋግዞ፣ መንገድ ማሠራት ጀመረ፤ በወልቂጤ በኩል የጉራጌ መንገድ ሥራ ማኅበር፣ በምሥራቁ ደግሞ ከዓለምገና ተነስቶ በቡታጅራ በኩል ወላይታ ሶዶ የሚዘልቀው የመንገድ ማኅበር። ልብ በሉ፦ መዋጮው የተሰበሰበው በአብዛኛው ሱቅ ውስጥ አድረው ካደጉ ሰዎች ኪስ ነው። መንገዱ ሲከፈት ደግሞ ሌላ ዓይነት መንገደኛ መጣ። ይህኛው ሊኖር አልመጣም። በርበሬውን በኩንታል አስጭኖ፣ በርበሬ ተራ ሸጦ፣ ጨርቅና ቆርቆሮ ገዝቶ የሚመለስ ነው። ጉዞው ቀን ይፈጃል፣ ሽያጩ ቀን ይፈጃል፣ ወደ ክፍለ ሀገር የሚሄደው አውቶቡስ ደግሞ የሚነሳው ጎሕ ሳይቀድ ነው። ሌሊት አሥር ሰዓት አውቶቡስ ተራ ለመገኘት እዚያው አጠገብ ማደር ግድ ነው።

የአውቶቡስ ተራ አልቤርጎዎች የተስፋፉት በዚህ ምክንያት ነው። ቱሪዝም የሚባል ነገር አልነበረበትም፤ የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት ነው ያበዛቸው። ቡታጅራም፣ ሆሳዕናም፣ ጎጃምም፣ ወለጋም የሚሄደው በአንድ ሰፈር ያድራል። የእያንዳንዱ አገር ሰው የራሱን ቤት ያውቃል፤ ባለቤቷ ወይም ባለቤቱ የአገሩ ሰው ነው፣ በቋንቋው ያናግሩታል፣ ገንዘቡን አደራ ይቀበሉታል፣ ከአገር የመጣ ደብዳቤ እዚያ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ገንዘብ ያጠረው ደግሞ አንድ አልጋ ለሁለት ይዛል፤ ከዚያም ያነሰው መሬት ላይ ፍራሽ ይነጠፍለታል። ባንክ፣ ፖስታ ቤትና ማደሪያ በአንድ ጭቃ ቤት። ሽታውንና ትኋኑን ረስቶ ይህን ማወደስ ግን ውሸት ይሆናል፤ ከአልቤርጎ ተነስቶ አውቶቡስ ላይ ቁንጫ ሲለቅም የማለዳ ፀሐይ የወጣበት ሰው ብዙ ነው።

ደርግ መጣና ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን በአዋጅ ወረሰ። ኪራያቸው ዝቅተኛ የሆነው ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ኪራዩም ተቀንሶ እዚያው ቆመ። ማንም ያላሰበው ውጤት ተከተለ። በወር ጥቂት ብር የሚከፈልበት የቀበሌ ቤት በመጋረጃና በኮምፖርሳቶ እየተከፈለ ደባል ይገባበት፣ አልጋ ይከራይበት ጀመር። መንግሥት ለድሃ ማደሪያ እሠራለሁ ብሎ ዕቅድ ባያወጣም የከተማዋን ርካሽ አልጋ ለአሥርት ዓመታት የደጎመው ያ አዋጅ ነው። በሌላ እጁ ግን ያዘው። የሰዓት እላፊው፣ እንግዳ ያሳደረ ሰው ቀበሌ ያስመዝግብ የሚለው ትእዛዝ፣ የሌሊቱ አሰሳ «የመሸበት እንግዳ»ን ተጠርጣሪ አደረገው። በቀይ ሽብር ዘመን የአገር ልጅ ማሳደር በሕይወት ያስጠይቅ ነበር። የአልቤርጎ መዝገብ ላይ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ «ከየት መጡ?» የሚሉት ዓምዶች ከመንግሥት መንግሥት ሲዘዋወሩ ኖረዋል። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅም መታወቂያ ያልያዘ መንገደኛ መጀመሪያ ያጣው አልጋ ነው።

ከ1983 በኋላ ንግዱ ሲለቀቅ አልቤርጎው «ፔንሲዮን» ሆነ። ስሙ ብቻ አይደለም የተለወጠው። «አዳር» የሚለው ዋጋ አጠገብ «ሾርት» የሚል ሌላ ዋጋ መጣ። ባለቤቱ ሒሳቡን ያውቃል፦ ቀን ላይ አንዱን ክፍል በሰዓት ሦስት ጊዜ ሸጦ ማታ በአዳር አራተኛ ይሸጠዋል። ከእንሴኖ መጥቶ በጊዜ ጋደም ማለት የሚፈልግ የበርበሬ ነጋዴ ለዚህ ሒሳብ አይመችም። አልቤርጎ የሚለው ቃል ዛሬ በጨዋ ቤት ሲነሳ ፊት የሚያስኮሳትረው ለዚህ ነው፤ የመንገደኛ ቤት የነበረው የሌላ ገበያ ቤት ሆነ።

የሱቁ አዳር ደግሞ ብዙም ሳይታወቅ ጠፋ። መርካቶ በቆርቆሮ ሱቅ ፋንታ ባለብዙ ፎቅ የገበያ ማዕከል መሥራት ስትጀምር ያልተጻፈው ውል ፈረሰ። የገበያ ማዕከል ማታ ሁሉም ወጥቶ በአንድ በር ይቆለፋል፤ ጥበቃው የሚቀጠረው በማኅበር ነው፤ ሱቅ ውስጥ ሰው ማሳደር ክልክል ነው። እሳትን ካሰቡት ክልከላው ምክንያት አለው፤ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ ሲነድ አዲስ አበባ ያየችው ነው። ይሁን እንጂ ሕንጻው ሲመረቅ ስለ ሱቆቹ ብዛት ሲነገር፣ አሮጌዎቹ ሱቆች ሲፈርሱ ስንት ማደሪያ አብሮ እንደሄደ የጠየቀ የለም።

ይህ የአዲስ አበባ ብቻ ታሪክ አይደለም። በለንደን ሎርድ ሮውተን የተባለ መኳንንት በ1892 እ.ኤ.አ. ለድሃ ሠራተኞች ንጹሕ ማደሪያ ከፍቶ አልጋውን በስድስት ፔንስ ያከራይ ነበር፤ ትርፍም አገኘበት። ርካሽ አልጋ ማለት የግድ ቆሻሻ አልጋ ማለት እንዳልሆነ ከመቶ ዓመት በፊት ታይቷል። ኒው ዮርክ ደግሞ ተቃራኒውን አሳየች። አንድ ሰው የሚያድርባቸው የጋራ መታጠቢያ ያላቸው ክፍሎች ለከተማዋ አይመጥኑም ተብሎ በ1955 እ.ኤ.አ. አዲስ እንዳይሠራ ተከለከለ፤ ቆየት ብሎም ነባሮቹን ወደ ውድ አፓርታማ ለሚቀይሩ ባለሀብቶች የግብር ቅናሽ ተሰጠ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ክፍሎች ጠፉ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጎዳናው በሰው ሲሞላ ከተማዋ ደንግጣ በ1985 መቀየሩን አገደች፤ በ1989 ፍርድ ቤት እገዳውን ሻረው። ክፍሎቹ ግን አልተመለሱም።

በአዲስ አበባ መንግሥት ለሆቴሎች በ2007 ዓ.ም. የኮከብ ደረጃ መስጠት ጀመረ። ኮከብ የሌለው አልጋ ግን በማንም ዕቅድ ውስጥ የለም። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ በኮሪደር ልማት ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ ሲፈርሱ ክርክሩ ሁሉ ስለ ቅርስ ነበር፤ የትኛው ሕንጻ ይቆይ፣ የትኛው ይፍረስ። መከራከሩ ተገቢ ነው። ነገር ግን በእነዚያ ጓሮዎች ውስጥ በቀን ሒሳብ የሚያድር ሰው ነበር፤ እሱ ቅርስ አይደለምና ክርክሩ አልደረሰውም። ቤት ሲፈርስ ባለይዞታው ምትክና ካሳ ይጠይቃል፤ የቀበሌ ቤት ተከራይ ምትክ ቤት ይጠብቃል። ለአንድ ሌሊት የከፈለ ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል? ውሉ ጠዋት ያልቃል።

በዚህ ላይ ለአልቤርጎ የሚከፍለው ደንበኛ ራሱ ቀንሷል። አስፋልቱ ተሠርቷል፤ ቡታጅራ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከእንሴኖ ሌሊት የተነሳ አይሱዙ በርበሬውን ንጋት ላይ ያራግፋል፣ ነጋዴው ዋጋውን በስልክ ጨርሷል፣ ገንዘቡ በባንክ ይገባል፣ እሱ ለምሳ አገሩ ይመለሳል። መናኸሪያዎቹም ወደ ላምበረት፣ ወደ አስኮና ወደ ቃሊቲ ተበትነዋል። መክፈል የሚችለው መንገደኛ አልጋ አያስፈልገውም። አልጋ የሚያስፈልገው መክፈል የማይችለው ነው፤ በሱቅ በደረቴ ሊጀምር የመጣው፣ ወይም በ2011 ዓ.ም. በመስቃንና በማረቆ መካከል በተነሳው ግጭት እንደታየው ሳያስበው ከቤቱ የወጣው።

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከአዲስ አበባ ነዋሪ ግማሽ ያህሉ ከከተማዋ ውጭ የተወለደ ነበር። እያንዳንዱ የመጀመሪያ ሌሊት ነበረው፤ አብዛኛው ያደረውም ዘመድ ቤት፣ ሱቅ ቆጥ ላይ ወይም አልቤርጎ ነው። ዛሬ ከቃሊቲ መናኸሪያ የሚወርደው የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ አጎት አለው፤ አጎቱም ሱቅ አለው። ሱቁ ግን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሕንጻው ማታ ሁለት ሰዓት ይቆለፋል፣ አጎቱ ራሱ የሚኖረው ከልጆቹ ጋር ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ሳሎን ሶፋ ላይ ያልፋል። ሁለተኛው ሳምንት ላይ የአጎት ሚስት ዝም ትላለች፤ ልጁም የአዳር ዋጋ መጠየቅ ይጀምራል።