የዓመት ልብሳችን ከየት መጣ?

የማኅበራችንን የብድር መዝገብ የምንይዝ ሰዎች ወቅቱን በሒሳቡ እናውቀዋለን። ነሐሴ ላይ የብድር ጥያቄ ይበዛል፤ ታኅሣሥ ላይ እንደገና ይበዛል፤ ከፋሲካ በፊትም እንዲሁ። ቅጹ ላይ "ለንግድ ማጠናከሪያ" ተብሎ ይሞላል፤ ገንዘቡ ሲቆጠር ግን ወሬው ሁሉ ስለ ልጆች የዓመት ልብስ ነው። ባለፈው ነሐሴ ስብሰባ ላይ ነገሩ በግልጽ ተነሣ። ከፊሎቻችን "ለቀሚስ ብድር አይሰጥ" አልን። ጥጥ እየፈተሉ ልጆቻቸውን ያሳደጉ አንዲት እናታችን ግን ተነሥተው፣ "ቀሚሱን አትከልክሉ፤ የማን እጅ የሠራውን እንደምትገዙ ግን ጠይቁ" አሉን። ስብሰባው አለቀ፣ ጥያቄያቸው ግን አልለቀቀንም። የዓመት ልብስ ከየት መጣ? በማን እጅ አለፈ? ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ለዚያ ነው።

ነገሩ ከወቅት ይጀምራል። በአባቶቻችን አቆጣጠር ዓመቱ አራት ክፍል አለው፦ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መፀው እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ እስከ መጋቢት 25፣ ፀደይ ደግሞ እስከ ሰኔ 25። ብዙዎቻችን አደይ አበባ ስናይ "ፀደይ መጣ" እንላለን፤ በዚህ ቁጥር ከሄድን ግን አበባው ክረምቱ ሲወጣ ይፈነዳል፣ የሚደምቀውም በመፀው ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው 40 ቀን ዘመነ ጽጌ ይባላል። በዚያ ወራት በቤተ ክርስቲያን የሚዘመረው ማኅሌተ ጽጌ፣ አባ ጽጌ ድንግል የደረሱት፣ እመቤታችንንና ልጇን በአበባና በፍሬ እየመሰለ የሚያመሰግን ድርሰት ነው።

የሊቃውንቱ ግጥም በብራና ተጽፎ ቆየ። የልጃገረዶቹ ግን በጉሮሮ ነው የቆየው። አበባየሆሽ ስትጨፍር ያደገች ሁሉ ታውቀዋለች፦ አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ አውጪዋ የቤቱን እመቤት አይታ፣ የሚሰጣትንም ገምታ ግጥሙን ትለዋውጠዋለች። ወንዶቹ በቡሄ ሆያ ሆዬ ይላሉ፤ ለእንቁጣጣሽ ደግሞ በወረቀት ላይ አበባና መልአክ ሥለው በየቤቱ ያድላሉ። ብዙዎቻችን በሕይወታችን የመጀመሪያውን "ሥዕል" የገዛነው ከጎረቤት ልጅ ነው፤ ዋጋውም ድፎ ዳቦና ጥቂት ሳንቲም ነበር። ሎሬት አፈወርቅ ተክሌም ከታወቁት ሥዕሎቻቸው አንዱን "የመስቀል አበባ" ብለው ነው የሰየሙት።

ልብሱም እንዲሁ ወቅት ይናገራል። በነሐሴ አጋማሽ በዋግ ኽምራ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል ሲደርስ ልጃገረዶች ከጥልፍ ቀሚሳቸው በላይ ለምለም ቄጠማ ወገባቸው ላይ ያስራሉ። የክረምቱን አረንጓዴ ይለብሱታል ማለት ነው። ጥምቀት ላይ ሰማዩ ጥርት ሲል ነጩ ይወጣል፤ "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" የተባለውም ለዚሁ ነው። ነጠላ ደግሞ አለባበሱ ብቻውን ቋንቋ ነው፦ በደስታ ቀን ጥለቱ ወደ ታች ወርዶ ይታያል፣ በሐዘን ቀን ጥለቱ ወደ አንገት ይዞራል። የለቅሶ ቤት ደጃፍ ላይ ማንም ሳይነግረን የምናስተካክለው ነገር ነው።

እንግዲህ ያ ነጭ ጨርቅ እንዴት እንደሚሠራ እናስታውስ፤ ታሪኩ ላይ የሴቶች ስም የሚጠፋው እዚህ ነውና። ጥጡ በመዳመጫ ይዳመጣል፣ ፍሬው ይወጣል፤ በደጋን ይነደፋል፤ ባዘቶው በእንዝርት ይፈተላል፤ ፈትሉ ልቃቂት ይሆናል። ይህ ሁሉ የሴት ሥራ ነው። ከዚያ ወንዱ ሸማኔ ጉድጓዱ ላይ ተቀምጦ ይሸምናል። ሸማኔውም ቢሆን ብዙ ተንቆ ኖሯል፤ አጼ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ በ1900 ዓ.ም. ማውጣታቸው ስድቡ ምን ያህል እንደነበረ ያሳያል። ከጋሞ ደጋ የመጡት የዶርዜ ሸማኔዎች አዲስ አበባ ላይ ስም አተረፉ፣ ሽሮ ሜዳም በእነሱ ታወቀ። የፈታይዋ ስም ግን የትም የለም። ጥበብ ቀሚስ ሲደነቅ ሸማኔው ይመሰገናል፣ ሰፊው ይመሰገናል፣ የለበሰችው ትመሰገናለች።

የጥለቱ ቀለምስ? እኛን ያስገረመን ይህኛው ነው። ነጩ የአገር ጥጥ ቢሆንም ለጥለቱ የሚሆን ደማቅ ክር በብዛት የሚመጣው ከባሕር ማዶ ነበር። በቀደመው ዘመን ከሕንድ የመጣውን ባለ ቀለም ጨርቅና ሐር ክር በክር ይፈቱትና መልሰው ለራሳቸው ሸማ ጥለት ያደርጉት ነበር። የሰው ልብስ ፈትቶ የራስን ልብስ ማስጌጥ! በኋላ ነጋዴዎቹ ራሳቸው መጡ። ከጉጃራት የመጣው የመሐመድአሊ የንግድ ቤት ጣሊያን እስኪያስወጣው ድረስ በአዲስ አበባ ከታወቁት አስመጪዎች አንዱ ነበር። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ፣ ከጅቡቲ የሚመጣው ጣቃና ክር ሁሉ በእኛው በአቃቂ በኩል ነበር የሚያልፈው።

ከዚያ ፋብሪካው ራሱ አቃቂ መጣ። በ1951 ዓ.ም. አካባቢ የሕንዱ የቢርላ ኩባንያ ከኢትዮጵያ ጋር በሽርክና ኢንዶ ኢትዮጵያን የተባለውን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እዚህ አቋቋመ። ሕንዶች ከነፃነታቸው በኋላ በውጭ አገር ካቋቋሟቸው የመጀመሪያዎቹ የሽርክና ፋብሪካዎች አንዱ ነው። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ወረሰው፤ እኛ የምናውቀውም አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ በሚለው ስሙ ነው። የአንዳንዶቻችን እናቶች የፋብሪካ ፊሽካ እየሰሙ ነው ያደጉት። የፋብሪካ ክር ሲስፋፋ የፈታይዋ ሥራ በግማሽ ተቀነሰ፤ ዛሬ ሸማኔው ድሩን ከፋብሪካ ክር ይዘረጋል፣ የእጅ ፈትል የሚፈልገው ለማጉ ብቻ ነው።

ክሩን የላኩልን፣ ፋብሪካውን የተከሉልን ሰዎች በአገራቸው ወቅትን እንዴት ይለብሱት ይሆን ብለን ስንጠይቅ ያገኘነው ከጠበቅነው በላይ ቅርብ ነው። ሕንዶች ዓመቱን በስድስት ይከፍሉታል፤ ጥንታዊው ባለቅኔ ካሊዳሳም ስድስቱን ወቅቶች በአንድ ድርሰት ገጥሟቸዋል። ባራማሳ የሚባል ደግሞ የአሥራ ሁለቱ ወር ግጥም አላቸው፤ ባሏ የራቃት ሴት ወር በወር ናፍቆቷን ትናገራለች፣ ሠዓሊዎቹም እያንዳንዱን ወር ከዝናቡና ከአበባው ጋር ይሥሉታል። የዝናባቸው ወራት ከእኛ ክረምት ጋር አብሮ ይሄዳል። በዚያ ዝናብ መካከል፣ የእኛ ሻደይ ሊደርስ ሲቃረብ፣ በሰሜን ሕንድ ቲጅ የሚባል የሴቶች በዓል አለ፤ አረንጓዴ ይለብሳሉ፣ ዛፍ ላይ ገመድ አስረው ዥዋዥዌ ይጫወታሉ፣ እጃቸውን ሂና ይቀባሉ። ጎጃምና ጎንደር እንሶስላ ስትሞቅ ያደገች አባላችን ይህን ስናነብላት ሳቀች። ባሳንት ፓንቻሚ በሚሉት በዓል ደግሞ ቢጫ ይለብሳሉ፤ በዚያን ጊዜ የሰናፍጩ ማሳ በአበባ ቢጫ ስለሚሆን ነው። እኛ አደይን በእጃችን እንይዛለን፤ እነሱ ሰናፍጩን ይለብሱታል።

ይህን የምንጽፈው አቃቂ ሆነን ነውና ኢሬቻንም ሳናነሣ አናልፍም። ከመስቀል ቀጥሎ ባለው እሑድ ወደ ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ የሚሄደው ሕዝብ መንገዱ በእኛ በኩል ነው። ገና ሳይነጋ ነጭ፣ ቀይና ጥቁር የለበሱ ሴቶች እርጥብ ሣርና አበባ ይዘው ያልፋሉ። ክረምቱን በሰላም ላሳለፈ ፈጣሪ ምስጋና ነው። የአንዳንድ አባሎቻችን የዓመት ልብስ የሚወጣውም በዚያ ቀን ነው።

አሁን ወደ መዝገባችን እንመለስ። ዛሬ ገበያው ላይ የጥለት ሥዕል የታተመበት ጨርቅ ሞልቷል። ከሩቅ ሲያዩት ጥበብ ይመስላል፤ ሲነኩት ክር የለውም፣ ቀለም ብቻ ነው። ዋጋው ከሽመናው እጅግ ስለሚያንስ የገዛችውን እናት አንወቅስም፤ ሦስት ልጅ ይዞ ሌላ ምርጫ የለም። ግን ሒሳቡን እንየው፦ አባላችን ነሐሴ ላይ ከእኛ ተበድራ የታተመውን ትገዛለች፤ በዚያው ወር ሌላዋ አባላችን የፈተለችውን ልቃቂት የሚወስድላት አጥታ ለምግብ ልትበደር ትመጣለች። ሁለቱ ብድሮች በአንድ ገጽ ላይ፣ አንዱ ከሌላው ሥር ተጽፈው አይተናቸዋል።

ስብሰባው በመጨረሻ ብድሩን አልከለከለም። ለዓመት ልብስ የራሱ መደብ ተከፈተለት፤ ውሸት መሙላት ቀረ። ብድሩ ከነሐሴ ይልቅ በሰኔ ይሰጣል፤ ክረምቱን ሙሉ ፈታዮቻችን ማጉን ይፈትላሉ፣ ሸማኔም በጊዜ ይያዛል፣ የበዓል ሰሞን ዋጋም አይጠበቅም። ደጋፊዎቻችን ለባዘቶ መግዣ የሚሆን መነሻ ቢሰጡን የምንጠቀምበት ለዚህ ነው። ለሁሉም ቀሚስ አይበቃም፤ ለመጀመሪያው ዓመት ነጠላ ብቻ እንሞክራለን።

የሽሮ ሜዳው ሸማኔ የጥለቱን ቀለም አስቀድመን እንድንነግረው ጠይቆናል። እስካሁን አልተስማማንም። ወጣቶቹ የአደይን ቢጫ ይላሉ፤ እናቶች ደግሞ ቀይ ካልሆነ ጥለት አይባልም ብለዋል።