ከፎቶግራፍ አይቶ ጥንቸል ስለ መሣል

ሥዕል ለመማር የሚፈልግ ወጣት በዛሬው ዘመን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከፎቶግራፍ ነው። በቤቱ የሚያሳድጋትን ጥንቸል ፎቶግራፍ ያነሣና ከወረቀቱ ጐን አስቀምጦ እርሳሱን ይቀርጻል። ይህን ሲያዩ አንዳንድ ታላላቆች «ይህማ መገልበጥ እንጂ መሣል አይደለም» ብለው ይነቅፉታል፤ ሌሎች ደግሞ «ፎቶግራፍ አይዋሽም፤ ከእርሱ የተሻለ አስተማሪ ከወዴት ይገኛል?» ይላሉ። እኔ በሁለቱም አልስማማም። የማልስማማበትንም ምክንያት በክርክር ከማስረዳ በታሪክ ባሳይ ይሻላል ብዬ አስባለሁ፤ የጥንቸል ሥዕል ረዥም ታሪክ አለውና። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በጀርመን አገር በኑርንበርግ ከተማ አልብሬኽት ዱረር የሚባል ሠዓሊ ነበር። የተወለደው በ1471 ነው፤ አባቱ ወርቅ አንጥረኛ ስለ ነበረ ልጁም በመጀመሪያ የተማረው የአባቱን ሥራ ነው። ጥቃቅኑን ነገር በትዕግሥት የማየት ልማድ ከዚያ ያገኘው ይመስለኛል። ይህ ሰው በ1502 አንዲት ጥንቸል በውኃ ቀለም ሣለ። ወረቀቱ ትንሽ ነው፤ ቁመቱ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን ወርዱ ከዚያ ያንሳል። ጥንቸሏ ከኋላዋ ዛፍ ሳይኖር፣ ከሥሯም ሣር ሳይሣልላት፣ ባዶ ወረቀት ላይ ተቀምጣለች፤ መሬት መኖሩን የሚነግረን ጥላዋ ብቻ ነው። ጠጕሯ በአንድ ወገን አይሄድም፤ በጀርባዋ ወደ ኋላ ይተኛል፣ በደረቷ ይሽከረከራል፣ በጆሮዋ ላይ ያጥርና ይሳሳል። በዓይኗም ውስጥ የመስኮት ምስል ሲያንፀባርቅ ይታያል። በዚህች በመስኮቷ ነገር ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። አንዳንዶቹ «ጥንቸሏ በሕይወት ሳለች በሥራ ቤቱ ውስጥ ተቀምጣ ነው የሣላት» ሲሉ፣ ሌሎች «የዱር ጥንቸል እንዴት ብላ ጸጥ ትልለታለች? ከሞተች ጥንቸል አይቶ ነው፤ መስኮቱንማ በሌሎች ሥዕሎቹም ላይ ይጨምረው ነበር» ይላሉ። ያም ሆነ ይህ ሠዓሊው ጥንቸልን በቅርብ አይቷል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። በአማርኛ «ጥንቸል» የምንለው ስም ሁለት እንስሶችን ያጠቃልላል። ዱረር የሣላት የሜዳዋ ናት፤ ጆሮዋና የኋላ እግሮቿ ረዣዥም ናቸው፣ ልጆቿም ጠጕር ለብሰው፣ ዓይናቸውን ገልጠው ይወለዳሉ። በቤት የምትረባው ደግሞ ዘሯ ከስጳኝና ከፖርቱጋል ምድር የመጣ ሲሆን ልጆቿ ዕራቁታቸውንና ዓይናቸው እንደ ተጨፈነ ይወለዳሉ። በአገራችን ደጋ የምትሮጠው የሜዳዋ ናት። ሥጋዋ በኦሪት የተከለከለ ስለ ሆነ ከወጥ ቤታችን አልገባችም፤ ስለዚህ አባቶቻችን የሚያውቋት በሜዳና በተረት ነው። የዱረርን ሥዕል ገልብጦ የቤቱን ጥንቸል ለመሣል የሚሞክር ልጅ እንግዲህ ከጆሮዋ ርዝመት ጀምሮ የሌላ እንስሳ መልክ ይሰጣታል።

ዱረር ከሞተ በኋላ ሃንስ ሆፍማን የተባለ የዚያው ከተማ ሠዓሊ የዱረርን ጥንቸል እያየ መሣል ጀመረ። ይህ ሰው መገልበጥን አላፈረበትም። አንዳንዱን እንደ ዱረር አድርጎ ሣለ፤ ኋላም በ1585 ገደማ ያችኑ ጥንቸል በዱር ውስጥ፣ በቅጠልና በአበባ መካከል አስቀምጦ የራሱ የሆነ ሥዕል አወጣ። በፕራግ ይኖር የነበረው ንጉሠ ነገሥት ሁለተኛው ሩዶልፍም የቤተ መንግሥቱ ሠዓሊ አደረገው። በእኛም አገር ቢሆን መገልበጥ የተናቀ አልነበረም። በሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ በተባለችው ቤተ ክርስቲያን ያለው የእመቤታችን ሥዕል ግልባጩ በኢየሱሳውያን እጅ ወደ ኢትዮጵያ ከመጣ በኋላ የአገራችን ሠዓሊዎች ዓይኑን፣ ልብሱንና ቀለሙን እንደ ራሳቸው ሥርዓት እየለወጡ በየቤተ ክርስቲያኑ ሣሉት። ገልባጭ መሆን በራሱ ነውር የለበትም።

አደጋው ሌላ ነው። እርሱንም ያሳየን ያው ዱረር ነው። በ1515 በግንቦት ወር ከህንድ አገር አንድ አውራሪስ በመርከብ ሊዝበን ገባ፤ የጉጃራት ሡልጣን ለፖርቱጋሎች የሰጡት ገጸ በረከት ነበር። ዱረር አውራሪሱን አላየውም። ወደ ኑርንበርግ የመጣ አንድ ደብዳቤና አንድ ንድፍ ብቻ ነው ያየው። ከዚያ ተነሥቶ በእንጨት ላይ ቀርጾ አሳተመው፤ ቆዳውን እንደ ጦረኛ ጥሩር በሰሌዳ ሸፈነው፣ እግሩን ቅርፊት አለበሰው፣ በትከሻውም ላይ ያልነበረ ሁለተኛ ትንሽ ቀንድ አበቀለበት። አውራሪሱ ራሱ በማግሥቱ ዓመት ለሮም ጳጳስ ለአሥረኛው ልዮን ሊሰጥ ሲሄድ መርከቡ ሰጥሞ ሞተ። የወረቀቱ አውራሪስ ግን አልሞተም፤ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በአውሮፓ የትምህርት መጻሕፍት ውስጥ እየተገለበጠ ኖረ። ያችን ጥንቸል የሣለ እጅ ስለ ሣለው ማን ይጠራጠረው? የሥዕሉ ማማር ለስሕተቱ ዋስ ሆነለት።

ነገሩ ወደ አገራችንም ይደርሳል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1769 ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ፣ በጐንደር ቤተ መንግሥት ተቀምጦ፣ በ1771 መጨረሻ ከዚያ ወጣ። በ1790 ባሳተመው ባለ አምስት ክፍል መጽሐፉ የዱረርን አውራሪስ ክፉኛ ነቀፈና የራሱን አቀረበ፤ በምዕራቡ ጠረፍ ቆላ ከሚኖረው ከእውነተኛው የተሣለ መሆኑንና ባለ ሁለት ቀንዱንም አውራሪስ ለሕዝብ ሲያሳይ እርሱ የመጀመሪያው መሆኑን ገለጸ። ቀንዶቹስ እርግጥ ሁለት ናቸው። ነገር ግን ቆዳው እንደ ህንዱ አውራሪስ በትልልቅ እጥፋት ተሸፍኗል፤ የአፍሪካው አውራሪስ ደግሞ ይህን የመሰለ እጥፋት የለውም። ይህን ያህል ባሕርና በረሃ አቋርጦ የመጣ ሰው፣ እንስሳው ባለበት አገር ቆሞ፣ በመጨረሻ ወረቀቱ ላይ ያሰፈረው ከአውሮፓ መጽሐፍ የቀረውን መልክ ነው። እኔ ይህን ታሪክ ባሰብሁ ቍጥር በብሩስ ከመሣቅ ይልቅ እፈራለሁ፤ ቀድሞ የታየ ሥዕል ዓይንን እንዲህ አድርጎ ከያዘ፣ ከሱ የሚያመልጥ ስንቱ ነው?

«ፎቶግራፍ ግን እንደዚህ አይደለም፤ በሰው እጅ አልተሣለምና» ይባል ይሆናል። ደግ ነው። ፈረንሳዊው ኒየፕስ በ1826 ወይም በ1827 የመጀመሪያውን ከመስኮቱ የሚታይ ምስል ሲያስቀር ብዙ ሰዓት ፈጅቶበታል። ዳጌር ሥራውን በ1839 ለዓለም ከማስታወቁ በፊት በ1838 ያነሣው የፓሪስ መንገድ ደግሞ ጭር ያለ ይመስላል፤ ሠረገላውና ፈረሱ፣ መንገደኛውም ሁሉ ይንቀሳቀሱ ስለ ነበረ በሳሕኑ ላይ አልቀሩም፤ ጫማውን ለማስጠረግ ቆሞ የነበረ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል። ፎቶግራፍ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጸጥ ያለውን እንጂ የሚንቀሳቀሰውን አላስቀረም ነበር። በዚያ ጊዜ ጥንቸል ቢያነሡ የሚያገኙት ደመና ነበር።

ኋላ ግን ካሜራው ፈጠነ። በ1878 በካሊፎርኒያ ኤድዋርድ ማይብሪጅ ካሜራዎች ደርድሮ የሚጋልብ ፈረስ አነሣ። ለብዙ ዘመን ሠዓሊዎች የሚጋልበውን ፈረስ የፊት እግሮቹን ወደ ፊት፣ የኋላዎቹንም ወደ ኋላ ዘርግቶ በአየር ላይ ሲበር አድርገው ይሥሉት ነበር። ፎቶግራፉ እንዳሳየው ግን ፈረሱ አራቱንም ከምድር የሚያነሣው እግሮቹ ከሆዱ በታች ሲሰበሰቡ ነው። ፎቶግራፍ ሰው በዓይኑ ሊይዘው ያልቻለውን እውነት ስላሳየ ሠዓሊዎችን አርሟል፤ ይህን ውለታ መካድ አይገባም።

የማይሰጠውን ነገር ለማስረዳት ግን በቅርቡ የሠራሁትን ሥራ መጥቀስ አለብኝ። በሰፈራችን የምትኖር የአሥር ዓመት ልጅ ሁለት ዓመት ያሳደገቻት ነጭ ጥንቸል ሞተችባት። የቀረላት ወንድሟ በስልኩ ያነሣው አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ነበረ፤ እርሱን ይዛ መጥታ «ጋሼ፣ ይሣሉልኝ» አለችኝ። ፎቶግራፉ በጣም ተጠግቶ የተነሣ ስለ ሆነ አፍንጫዋ ከልክ በላይ ትልቅ፣ ወገቧም ትንሽ ሆኖ ይታያል። ፀሐይ ስለ በዛበት ነጩ ጠጕር ሁሉ አንድ ነጭ ሆኗል። የኋላ እግሯ ደግሞ ከጠጕሩ ሥር ተደብቋል።

ወረቀቱን በቀጫጭን መሥመር በአራት ማዕዘን ከፋፈልሁ፤ ይህም የጥንት ዘዴ ነው፤ ዱረር ከሞተ በኋላ በ1538 እንደ ገና በታተመው የመለኪያ መጽሐፉ ላይ ሠዓሊ በክር በተከፋፈለ ክፈፍ በኩል ሲመለከት ይታያል። ወዲያው ግን ወደ መሣሉ አልሄድሁም። ጥንቸል ወደሚያረቡ አንድ ሽማግሌ ቤት ሦስት ቅዳሜ ተመላልሼ ሕያዋኑን ተመለከትሁ። የተቀመጠች ጥንቸል የኋላ እግሯን ከተረከዟ እስከ ጣቷ መሬት ላይ ታስተኛለች፤ ያ ከጐኗ እንደ ኳስ የሚያብጠው ጭኗ ነው፣ ጉልበቷም ወደ ፊት ታጥፎ ሆዷ አጠገብ ይገኛል። የላይ ከንፈሯ በመሐል የተሰነጠቀ ነው። ዓይኖቿ በግራና በቀኝ ስለ ተቀመጡ አንገቷን ሳታዞር ኋላዋን ታያለች፤ ከጐን ሲሥሏት ግን አንዱ ብቻ ይታያል። የጥንት ሠዓሊዎቻችን ከጐን አንድ ዓይን ብቻ አሳይተው የሚሥሉት ክፉውን ሰው ነበር፤ ለጥንቸል ሲባል ይህ ሕግ ይታለፍላት እንደ ሆነ አላውቅም። ነጭነቷንም በነጭ ቀለም አላመጣሁትም፤ ወረቀቱን ትቼ ከኋላዋ ያለውን አጠቈርሁ፣ ከአገጯና ከሆዷ በታች ያለውን ጥላ ብቻ ስስ አድርጌ ነካሁ።

ሥራው ሊያልቅ ሲል ልጅቱ መጥታ አየችና «ግራ ጆሮዋ ጫፉ የተቀደደ ነበር» አለች። ፎቶግራፉ የተነሣው በቀኝ በኩል ስለ ነበር ግራ ጆሮዋ ከቀኙ ኋላ ተሸሽጎ ነበር። አባቷ «በፎቶው ላይ የሌለ ነገር እንዴት ይጨመራል?» ብለው ተከራከሩ። ክርክራቸውን አልናቅሁትም፤ የዱረር አውራሪስ ትርፍ ቀንድ የበቀለው ካላዩት ነገር አይደለምን? ይሁን እንጂ ያ ደብዳቤና ይህች ልጅ ልዩ ናቸው። እርስዋ ያችን ጆሮ ሁለት ዓመት በየማለዳው ጎመን እያቀረበች ዳስሳዋለች። እኔም የጥንቸል ጆሮ ከራስ ቅሏ እንዴት እንደሚነሣ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ጆሮውን ጥቂት ወደ ጐን ከፍቼ፣ ልጅቱ በጣቷ እያመለከተች፣ ቅዳጁን ሣልሁት።

ከዚህ ሁሉ ጋር የማትዘለል አንዲት ሴት አለች። ቢያትሪክስ ፖተር በ1866 በሎንዶን ተወለደች፤ ትምህርት ቤት ሳትገባ በቤቷ ተማረች። ቤንጃሚንና ፒተር የሚባሉ ሁለት ጥንቸሎችን ተራ በተራ አሳደገች፤ ቤንጃሚንን በጠፍር አስራ ታንሸራሽረው ነበር። አባቷ ፎቶግራፍ ማንሣት የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ ልጃቸውን ከነጥንቸሏ አንሥተዋታል፣ እርስዋም ራሷ በፎቶግራፍ እየተረዳች ትሥል ነበር። ነገር ግን በዚያ ብቻ አልረካችም። ፒተርን ተኝቶ፣ ቆሞ፣ ተዘርግቶ፣ አንዱን ራስ በአንድ ገጽ ላይ ደጋግማ ሣለችው። ከወንድሟም ጋር የሞቱ እንስሶችን እየቀቀሉ አጥንታቸውን ያጠኑ ነበር፤ ለስሜቱ ይከብዳል፣ ግን ከጠጕሩ በታች ያለውን ለማወቅ የቈረጠች ነበረች።

በመስከረም 1893 ለታመመ አንድ ሕፃን የምትጽፈው ቢቸግራት ስለ ጥንቸሏ ተረት ፈጥራ በሥዕል አስጊጣ በደብዳቤ ላከችለት። ከዓመታት በኋላ መጽሐፍ ልታደርገው ፈልጋ አሳታሚዎች ስላልተቀበሏት በ1901 በታኅሣሥ ወር በራሷ ገንዘብ 250 ቅጂ አሳተመች፤ በሚቀጥለው ዓመት አንድ አሳታሚ ወሰደውና ዓለም ሁሉ አወቀው። ፒተር ግን ይህን አልደረሰበትም፤ በዚያው በ1901 በጥር ወር፣ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ሲል ሞቷል። ፖተርም ከመጽሐፉ በአንዱ ቅጂ ላይ መታሰቢያውን ጻፈችለት፤ የአእምሮው ነገር ውስን፣ ጠጕሩና ጆሮዎቹ ጣቶቹም ጉድለት ያለባቸው ቢሆኑም ጠባዩ ዘወትር ደግ እንደ ነበረ፣ ለእርስዋም ጸጥተኛ ወዳጅ እንደ ሆነላት።