ሾክ አብዞርበር፣ ሞላና ባሌስትራ

ሞላና ባሌስትራ የመኪናን ክብደት ይሸከማሉ። ሾክ አብዞርበር ደግሞ ዘይትን በጠባብ ቀዳዳ እያሳለፈ ንጥረቱን ያረግባል።

ከወልድያ በስተሰሜን በሚገኘው የራያ ቆቦ ሜዳ ሽንኩርትና ማሽላ የሚጭኑ መኪኖች ከአስፋልቱ ወጥተው ወደ እርሻ መንገድ ይገባሉ። ለዚህ ሥራ ባሌስትራው ላይ ተጨማሪ ብረት መደረብ ጭነት ሲበዛ መኪናው እንዳይወርድ ይረዳል፤ የሻንሲውንና የፍሬኑን አቅም ግን ፈጽሞ አያሳድግም። ባዶውን ሲሄድም ኋላው ይነጥራል።

በአንዳንድ የስፖርት መኪኖች የሞላው ቁመት በባለ ክር ቀለበት ከፍና ዝቅ ይላል። ዝቅ ያለ መኪና በአስፋልት ኩርባ ላይ ይረጋጋል፤ በኮረኮንች ላይ ግን ሆዱ ይመታል።

ሾክ በጥንድ ይቀየራል። ባለ ጎማ ቡሽ ብሎኖች የመጨረሻ ጥብቀታቸውን የሚያገኙት መኪናው ከክሪክ ወርዶ በጎማው ሲቆም ነው፤ በአየር ላይ ከጠበቁ ቡሹ ተጠማዞ ቶሎ ይቀደዳል። የመኪናው ቁመት ከተለወጠ የጎማው አላይመንት እንደገና ይስተካከላል።