ከመረሬ ማሳ ወደ ጓሮ መደብ፦ ቲማቲም በቱሉ ዲምቱ

ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ «ቀይ ኮረብታ» ማለት ነው። ዙሪያው ያለው የአቃቂ ሜዳ ግን ጥቁር መረሬ በመሆኑ አርሶ አደሩ የሚታወቀው በጤፍ፣ በሽምብራ፣ በምስርና በጓያ ነበር። ቲማቲም ከደቡብ አሜሪካ የተገኘ ተክል ሲሆን፣ ስፔናውያን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ አውሮፓ ካሻገሩት በኋላ ዓለምን አዳርሷል። በሀገራችን በስፋት የለማው በአዋሽ ተፋሰስ በመስኖ ነው። የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው መልካሾላና መልካሳልሳ ድቅል ስላልሆኑ፣ ገበሬው ከጤነኛ ፍሬ ዘር ለይቶ መልሶ ሊዘራቸው ይችላል።

በአዲስ አበባ አትክልትን ከኅብረት ሥራ ጋር ካገናኙት ቀደምት ማኅበራት አንዱ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የተደራጀው የመካኒሳ፣ ፉሪና ሳሪስ የአትክልት አምራቾች ማኅበር ነው። ያለማ የነበረውም በአቃቂ ወንዝ ውሃ ነበር። ይሁንና ወንዙ የፋብሪካና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ሲጫነው፣ ጥናቶች በውሃውም በአትክልቱም ውስጥ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። ሥር ስቦ ያስገባውን ብረት ደግሞ ማጠብ አያወጣውም።

ቱሉ ዲምቱም ተለውጣለች። ኮንዶሚኒየሙ ተገነባ፤ ከዚሁ የሚነሳው የአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድም በ2007 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ማሳው ለልማት የተወሰደበት ቤተሰብ የቀረው ጓሮ ነው። ካሣው ካለቀ በኋላ ለወጥ የሚሆነው ቲማቲም እንኳ በገንዘብ የሚገዛ ሆኗል።

ጓሮው ግን የራሱ ፈተና አለው። መረሬ በክረምት ውሃ ስለሚቋጥር መደቡ ከፍ ተደርጎ መሠራት አለበት። ሌት ብላይት የሚባለው በሽታ በሐምሌና በነሐሴ እርጥበት በጥቂት ቀናት ውስጥ ቅጠሉን ያጠቁራል፤ በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአየርላንድን ድንች የፈጀውም ይኸው ነው። በመሆኑም ቲማቲም ድንች በተነሣበት መደብ ላይ አይተከልም። ችግኙ ተራርቆ ተተክሎ በእንጨት ይደገፋል፣ ውሃውም ጠዋት ከሥሩ ይጠጣል እንጂ ቅጠሉ ላይ አይፈስም። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ አለ።

በ2004 ዓ.ም. ገደማ ቱታ አብሶሉታ የተባለችው የእሳት ራት ሀገራችን ገባች። የትውልድ ቦታዋ የቲማቲሙ የራሱ፣ ደቡብ አሜሪካ፣ ነው፤ ባሕር ተሻግራ ስፔን የደረሰችው ግን በ2006 (እ.ኤ.አ.) በመሆኑ ተክሉን ተከትላ ለመምጣት ከአራት መቶ ዓመት በላይ ወስዶባታል። ትሏ በቅጠሉ ሽፋኖች መካከል ገብታ ስለምትበላ ርጭት በቀላሉ አያገኛትም፤ አንዱን መድኃኒት ደጋግሞ መርጨትም ያለማምዳታል። ጥቂት እግር ባለበት ጓሮ ግን የተበላውን ቅጠል በየማለዳው ለቅሞ፣ በፌስታል አሥሮ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። ይህን የሚሠሩት በአብዛኛው እናቶች ናቸው፤ በብዙ ማኅበራት መዝገብ ላይ የሰፈረው ግን የአባወራዎቹ ስም ነው።