ከእንጦጦ ጸበል እስከ ካንሰር ክፍል፦ ወጣት ሕሙማንን የመደገፍ ታሪክ

በእንጦጦ ኮረብታ የሕመምን ሸክም ተጋርቶ መኖር የቆየ ልማድ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1889 ዘውድ የጫኑባት እንጦጦ ማርያምና በአካባቢዋ ያለችው ኪዳነ ምሕረት ጸበልተኛን ከሩቅም ከቅርብም ሲቀበሉ ኖረዋል። ሕመምተኛው ሱባኤ ይይዛል፣ ማለዳ ይጠመቃል፣ በሰፈሩ ትንሽ ክፍል ተከራይቶ ከአስታማሚው ጋር ይከርማል። ቀድሞት የመጣው ሥርዓቱን ያሳየዋል፣ ሲደክም ደግፎ ወደ መጠመቂያው ያደርሰዋል፣ ያጫውተዋል። በሽታው የሚያስፈራና ከጎረቤት የሚያርቅ ሲሆን ይህ አብሮነት እንደ ጸበሉ ሁሉ የሚፈለግ ነበር።

ልማዱ ከመድኃኒት ጋር የተጋጨበት ጊዜም ነበር። የኤችአይቪ መድኃኒት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በነፃ ሲታደል፣ ለጸበሉ ብለው የሚያቋርጡ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2007 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ አስተማሩ። ትምህርቱ ለካንሰር ሕሙማንም ይሠራል፤ የተቋረጠ ሕክምና ዋጋው ሕይወት ነውና።

በሙያ የሚሰጠው ድጋፍ ዘግይቶ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1959 በአዲስ አበባ የተከፈተው የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት በደርግ ዘመን ተዘግቶ እ.ኤ.አ. በ2004 እንደገና ተጀመረ። የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስቶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል።

በካንሰሩ በኩል ቀድመው የተነሡት ልጆቻቸው የታመሙባቸው ወላጆች ናቸው። በደም ካንሰር የሞተ የአራት ዓመት ሕፃን ወላጆች እ.ኤ.አ. በ2004 ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን መሠረቱ። በኋላ ተስፋ አዲስ የተባለው የወላጆች ድርጅት ተከተለ። በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለመታከም ከክፍለ ሀገር የሚመጡ ቤተሰቦች ማረፊያ ማግኘት የቻሉት በእነዚህ ማኅበራት ነው። ማረፊያው ሲገኝ ሕክምናውን አቋርጦ ወደ አገር መመለስም ይቀንሳል።

ጎረምሳውና ኮረዳዋ ግን በሕፃናትና በአዋቂዎች ክፍል መካከል ሲወድቁ ኖረዋል። በእንግሊዝ አገር ለዚህ ዕድሜ ብቻ የተለየ የካንሰር ክፍል የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. የ2019–2023 ብሔራዊ የካንሰር ዕቅድ ሕፃናትንና ታዳጊዎችን በስም ጠርቶ አስቀመጣቸው። ይህ ዕድሜ የራሱ ጥያቄ አለው፦ ትምህርት ይቋረጣል፣ ፀጉር ይረግፋል፣ የመውለድ ተስፋ ያጠራጥራል። ከሁሉ የከፋው ክፉ ወሬን ከታማሚ ደብቆ ለቤተሰብ ብቻ የመንገር ልማድ ነው። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ከእናቱ ፊት በሽታውን ያነባል፤ የሚጠይቀው ሰው ሲያጣ ግን ፍርሃቱን ብቻውን ይሸከማል።